የቤዚ ካርድ

ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከአሶሳ ዳር፣ ከሰፈራው መንደር

ለእታለም ሕብረት፣ ስዊድን ላለሽው

እንደምን ከርመሻል? ብርዱ አጥንትሽን አይንካው፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከነሙቀታችን፣ ከነምስጣችን ደህና ነን። ካሣዬ ግድቡ ላይ ብረት ሲያስር ይውላል፤ ለመስቀል ልጁንና እኔን ሊያይ መጥቶ አምስት ቀን አድሮ ተመለሰ። አማቴም ደህና ናቸው። "ያቺ የአክስትሽ ልጅ ባል አገባች ወይ?" ይሉኛል በየሳምንቱ። እኔ መልስ አልቆብኛል፤ አንቺው ጻፊላቸው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው የደባልቄ ሱቅ ደጃፍ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚያወራ ለመንደሩ ሁሉ ነው የሚያወራው። የልጅ ነገር ደግሞ አይጮህም። ስለዚህ በማህጁብ እጅ ልኬልሻለሁ። አሶሳ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው፣ ማንጎ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ማህጁብ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገደኛ ፈልጎ ያደርስልኛል ብዬ ነው።

ነገሩ የልጄ የአስረሳሽ ነው። ጤና ኬላው ልጆቹን በየወሩ ይመዝናል። ሚዛኑን ደጅ ካለው ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ልጆቹን ሱሪ መሳይ ጨርቅ ውስጥ ከትተው ያንጠለጥሏቸዋል፤ እነሱም እግራቸውን እያወራጩ ያለቅሳሉ። ከዚያ ሰዕዲያ፣ የጤና ባለሙያዋ፣ ካርዱ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። አረንጓዴ ላይ ያረፈ ደህና ነው፤ ቢጫ ላይ ያረፈ ያሰጋል፤ ቀይ ላይ ያረፈ ሆስፒታል ይላካል። አስረሳሽ ይኸው አራት ወር ሙሉ ከቢጫ አልወጣችም።

አንቺ ብታያት ትስቂ ነበር። ገንፎ ሲቀርብላት እስከ ክርኗ ነው የምትገባበት። ጉንጯ ይነከሳል። እየዳኸች የኑራን ዶሮዎች ታምሳለች። ካርዱ ግን ቢጫ ይላል፤ እኔም እናት ሆኜ ልጄን ያስራብኳት ይመስል አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቶች ተሰብስበን ሰዕዲያን ያዝናት። ጎረቤቴ ኑራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "የኔ አራት ልጅ ሁሉ ቢጫ ነበረ። ዛሬ ሰሊጥ በጆንያ ይሸከማል። ይሄ ካርድ የማን ልጅ አይቶ ነው የሚፈርድ?" አለቻት። ሌላዋ ወደኔ እየጠቆመች ተቀብላ፣ "አባትየው ራሱ ከበር መቀርቀሪያ አይበልጥ፤ ልጁ ሥጋ ከየት ያምጣ!" አለች። ሳቅ ሆነ። ሰዕዲያ ብቻ አልሳቀችም። "እኔ ካርድ አልሠራም። እኔ ነጥብ ብቻ ነው የማደርግ" አለች።

እንግዲህ እናንተ አገር ይጠየቅልኝ። ለፈረንጅ ልጅ ሌላ ካርድ አለ ወይስ በነሱ ልጅ ነው የኛን የሚለኩት? ደግሞም ከተገኘ ትንሽ ሚዛን ላኪልኝ፤ ቤቴ መዝኜ እርግጡን ልወቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለማንም ያልነገርኩት። ሰዕዲያ ነጥቡን ስታደርግ የድሮው ነጥብ ላይ ያርፋል። አንዴ ቢሆን እሺ ነበር። አራቱንም ወር አንዱን እንኳ አልሳተችም።

እህትሽ የሺሀረግ


ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

የሺዬ የኔ ዓለም

ቤትሽ አይጉደል፣ ጉልበትሽ አይድከም፣ ያቺን ዶሮ አባራሪ ፈጣሪ ያሳድግልሽ። ለአማትሽ "ሕብረት ሽማግሌ ስታጥብ ነው የምትውል፣ ሌላ ሽማግሌ ቤቷ ማስገባት አልፈለገችም" በያቸው። እንደሚስቁ አውቃለሁ።

እኔ ሚዛን አልንቅም፤ እንጀራዬ ነው። በየሰኞው የማዕከላችንን አዛውንቶች ወንበር ያለው ሚዛን ላይ አስቀምጬ እመዝናለሁ። ሦስት ሰኞ ተከታትሎ የቀነሰ ሰው ካለ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን በቃሉ አይናገርም። ክፍሉን ስናጸዳ ዕቃውን ቀስ ብለን ነው የምናነሳው። ስለዚህ ሚዛን ሲናገር እሰማለሁ።

ያልሽውን ደግሞ ጠየቅሁ። ከሕንፃችን ሥር የሕፃናት ጤና ጣቢያ አለ፤ ነርሷ ወዳጄ ናት። የካርዱ መስመር የስድስት አገር ልጆች ተለክተው የተሠራ ነው አለችኝ፤ ከነሱ አንዷ ጋና ናት፣ አንዷ ህንድ። የፈረንጅ ልጅ ብቻ አይደለም። ካርዱ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ዕድሜዋንና ኪሎዋን። አባቷ አጭር ይሁን ረጅም አይጠይቅም። ኑራ ባትወደውም እንዲህ ነው። አንድ ነጥብ ብቻውንም አይፈርድም፤ ነጥቦቹ ወዴት እንደሚያመሩ ነው የሚታየው።

አንቺ የምታደርጊው ይህ ነው። የአምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ ሰዕዲያ ሚዛኑ ላይ ትስቀለው። አምስት ኪሎና ጥቂት ካላለ ሚዛኑ ነው የሚዋሸው። የልጅቱንም ኪሎ በየወሩ ጽፈሽ ላኪልኝ። ትንሿን ሚዛን ገዝቻለሁ፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው።

ግን የቱ ነው የድሮው ነጥብ? አስረሳሽ የተወለደችው አምና ጥር ላይ ነው። ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ካርዷ ላይ ምን ድሮ አላት?

ሕብረት


ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከሰፈራው መንደር

ለእታለም ሕብረት

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ የእመቤቴ ጥላ ይከልልሽ። ሚዛኑን አትላኪው። ከገዛሽውም ለሌላ ሰው ስጪው። ቤቴ ውስጥ ሚዛን አልፈልግም።

ጀሪካኑን ሰቅለነዋል። አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አለ። ሚዛኑ አይዋሽም፤ ዋሾዋ እኔ ነኝ። ላንቺ ካልነገርኩሽ ለማን እነግራለሁ?

ካርዱ የአስረሳሽ አይደለም። የቤዚ ነው።

የመጀመሪያዋን ልጄን አላየሻትም፤ ድባጤ ሳለን ነው የወለድኳት፣ መስከረም 2012። ኅዳር 2013 ለመጨረሻ ጊዜ ተመዘነች፤ አሥራ አራት ወሯ ነበር። ከዚያ አገሩ ታመሰና ሌሊቱን ወጣን። ተቅማጥ ይዟት ነበር፣ ውሃ አልነበረንም፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ቀረች። ካርዷ መቀነቴ ውስጥ ነበር። ካሣዬ አብሯት የተቀበረ ይመስለዋል። እኔም እንዲያ ነው ያልኩት።

አስረሳሽ ስትወለድ አማቴ በር ዘግተው መከሩኝ። "ሞት አንዴ የወሰደውን ተመልሶ አይፈልግም። አዲስ ካርድ ካወጣሽ አዲስ ልጅ መምጣቷን ታወሪያለሽ። በፊተኛዋ ሸፍነሽ አሳድጊያት" አሉኝ። አንቺ እዚያ ሆነሽ ልትስቂ ትችያለሽ። ልጅ የቀበረች ሴት ግን አትስቅም፤ የተባለችውን ታደርጋለች። የድባጤው ባለሙያ በእርሳስ ነበር የጻፈው። ነጥቦቹን በላጲስ አጠፋሁ፣ 2012ን 2015 አደረግሁት። መስከረሙን ግን አልነካሁም። ወሩ እንኳ ይቅርላት ብዬ ነው።

ሰዕዲያ ወደኛ የተመደበችው ሐምሌ ላይ ነው፤ አስረሳሽ ስትወለድ አላየችም። የመንደሩ ሴቶች ያውቃሉ፣ አንዷም ትንፍሽ አላለችም። በየቤቱ እንዲህ የተሸፈነ አይጠፋም። ስለዚህ ኬላው መዝገብ ላይ ልጄ ቤዛዊት ካሣዬ ናት፤ ቤት ስትገባ አስረሳሽ ናት።

የእርሳሱ ቀለም ጠፋ እንጂ ጉድጓዱ ወረቀቱ ላይ አለ። ሰዕዲያ እስክሪብቶዋን ስታሳርፍ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች። ሐምሌ 6.4፣ ነሐሴ 6.6፣ መስከረም 6.8፣ ጥቅምት 7፣ ኅዳር 7.1። የቤዚም ይኸው ነበር፣ በየወሩ፣ ግራም ሳይዛነፍ።

ሌላም አለ። "አስረሳሽ" ስላት አትዞርም። ሰዕዲያ "ቤዚ" ስትላት ግን ትዞራለች። ቤዚ ጡት ከመያዟ በፊት የግራ ጆሮዋን ትጨብጥ ነበር፤ ይቺም ከጥቅምት ወዲህ ጀምራለች። ማን አሳያት? አንዳንድ ቀን ሳዝላት ሁለት ልጅ ያዘልኩ ያህል ወገቤ ይጎብጣል፤ አውርጄ ሳያት አንድ ናት። ደግሞ ቤዚን ለብቻዋ ላስታውሳት ስል የዚችኛዋ ፊት ይመጣብኛል። ልጄን ሁለተኛ እየቀበርኳት ይሁን ወይስ ይቺን እያስወሰድኩ አላውቅም። እታለም፣ ፈርቻለሁ።

ሰዕዲያ ታኅሣሥ 11 አምጫት ብላኛለች፤ ካልጨመረች ሆስፒታል እጽፍላታለሁ ብላለች። አልወስዳትም። ከኅዳር ወዲያ ካርዱ ላይ ጉድጓድ የለም። ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ላይ ልጄን አላስቀምጥም።

የሺሀረግ


ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

የሺዬ

ፈጣሪ ያጽናሽ፣ የቤዚንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑራት። ስለሷ በደንብ ጠይቄሽ አላውቅም ነበር። "አገግመሻል ወይ?" ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ጉንፋን የያዘሽ ይመስል። ይቅር በይኝ።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ ነው፤ ታላቅሽ ነኝና ስሚኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ጣቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። ቤዚ የመስከረም፣ አስረሳሽ የጥር ልጅ ናት። አንቺ ዓመቱን ቀየርሽ፣ ወሩን ተውሽው። ስለዚህ ካርዱ ልጅሽን ከዕድሜዋ በአራት ወር አስረጅቷታል። የዘጠኝ ወር ልጅ የአሥራ ሦስት ወር ናት ተብላ ስትመዘን ምን ልትሆን ኖሯል? ቢጫ ነዋ!

ከነርሷ ጋር ቁጭ ብለን በእውነተኛ ዕድሜዋ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥነው። አረንጓዴ ነው የሺዬ። ዝቅ ያለ አረንጓዴ ነው፣ አባቷም የበር መቀርቀሪያ ነው፤ ግን አረንጓዴ ነው። ልጅሽ ምንም አልሆነችም። ካርዱም አልበደላትም፤ የተነገረውን ነው የፈረደው።

ነጥብ ነጥብ ላይ ማረፉም ጉድ አይደለም። ደህና ልጅ በአሥር ወሯ የምትመዝነውን የተጎዳች ልጅ በአሥራ አራት ወሯ ትመዝናለች። በቤዚ ላይ ካርዱ እውነቱን ነበር የተናገረው። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም ይሆናል፤ ከጻፍኩት ወዲያ ግን መሰረዝ አልሆነልኝም። ጆሮዋንም ብትይዝ እህቷ ናት፣ አንድ ማሕፀን ነው። በኬላ ስሟ የምትዞረው ደግሞ ሰዕዲያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለምትጠራት ነው።

ዛሬውኑ ሂጂና ለሰዕዲያ ንገሪያት። የሚሰጣትም መድኃኒት፣ የሚወጋትም ክትባት በዕድሜዋ ነው። ሞት ካርድ አያነብም፤ ሐኪም ግን ያነባል። አዲስ ካርድ አውጪላት። ለካሣዬም ንገሪው። ያንን ባዶ ቦታ ለቤዚ ተዪላት፤ አስረሳሽ የራሷን ትያዝ።

መልስሽን በቶሎ እጠብቃለሁ።

ሕብረት


ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

የሺዬ

ጤናሽን ያሰማኝ። ደብዳቤዬ ደርሶሽ ይሆን? ሃያ ቀን ሆነው። ማህጁብ ጋ ብደውል መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ፖስታው አሁን ነው እጄ የገባው አለኝ። ጨንቆኝ ደባልቄ ሱቅ ደወልኩ፤ አማትሽን ጠሩልኝ። የሺ ወባ ጥሏት ነበር፣ አሁን ተነስታለች አሉኝ። አስረሳሽስ ስላቸው፣ "ልጆቹ ደህና ናቸው" አሉኝና ተዘጋ።

ልጆቹ አሉኝ የሺዬ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት፤ እኔ የምውለው ከሽማግሌ ጋር ስለሆነ የአፍ ወለምታ አውቃለሁ። ግን ሥራ ላይ ሆኜ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ቃል ሳላምጥ ነበር። አንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

ሕብረት


የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከሰፈራው መንደር

ለእታለም ሕብረት

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ቆጥረሽ ልጄን አወጣሽልኝ። ስለመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ከታኅሣሥ 8 እስከ ገና ዋዜማ ወባ አልጋ ላይ አውሎኛል። አስረሳሽ ከጎኔ ነበረች፣ አማቴም ከደጃፉ አልተነሱም። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ከጥምቀት ወዲያ ነው። ስለ ቤዚ የጻፍሽውን ባትጽፊው እወድ ነበር፤ ግን እውነት ነው። ለሷ ያኔ ካርዱን ሰምቼ ብሆን እያልኩ ሁለት ቀን አለቀስኩ።

ካሣዬ ለጥምቀት መጥቶ ገና አልተመለሰም ነበርና ነገርኩት። ካርዱን ከሳጥኑ አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። በመዳፉ ሸፈነውና፣ "እኔኮ መቃብሯ ውስጥ አንድ የሷ ነገር አለ ብዬ ነበር የምጽናና" አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሳኝ። በማግስቱ ራሱ አስረሳሽን አቅፎ፣ እኔ ካርዱን ይዤ ጤና ኬላው ሄድን።

ሰዕዲያ መጀመሪያ ተቆጣች። "እኔ እዚህ ለአንተ ልጅ እለፋለሁ፣ አንተ ልጅ ከእኔ ትደብቃለህ?" አለችኝ፤ አማርኛ አፍ የፈታችበት አይደለምና ስትናደድም ስትደነግጥም ሁላችንንም ወንድ ታደርገናለች። ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ። አዲስ ካርድ አወጣች፤ አስረሳሽ ካሣዬ፣ ጥር 2015 ብላ ጻፈች። መዘነቻት። 7.5 አለ። ነጥቡ አረንጓዴው ላይ አረፈ። አስረሳሽ ሚዛኑ ላይ ሆና ጩኸቷን ስታቀልጠው ኑራ እልል አለች። ካሣዬም አዲሱን ካርድ ከእጄ ወስዶ ያነበው ጀመር፤ ደመወዙን የተቀበለ ይመስል ደጋግሞ ነው ያነበበው።

እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ልዘጋው ነበር። አልሆነልኝም።

ሰዕዲያ የቤዚን መስመር ከመዝገቡ ልዝጋ፣ "ሞተ" ብዬ መጻፍ አለብኝ አለችና ትልቁን መዝገብ ገለጠች። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር አሉ። ጣቷ ቀጥሎ ቆመ። ታኅሣሥ 11 ቀን፣ 7.9 ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ።

"ያን ቀንኮ አላመጣኋትም" አልኳት። "አልጋ ላይ ነበርኩ።"

ሰዕዲያ አየችኝ። "አንቺ ነው ያመጣው" አለችኝ። "ነጠላ ሸፍኖ። ካርድ ረሳሁ አለ። እኔ መዘንኩ።"

አማቴ መሆን አለባቸው አልኩ። አማቴ እስከዚያ ድረስ በእግራቸው መሄድ አይችሉም፤ ያን ቀንም ራሴን ውሃ እያስነኩ አጠገቤ ነበሩ። ሰዕዲያ ጣቷን ቁጥሩ ላይ እንዳደረገች፣ "ልጁ አላለቀሰም" አለች። "ሁሉ ልጅ ሚዛን ላይ ያለቅሳል። እሱ ዝም ብሎ ጆሮ ይዞ ያየኝ ነበር። ወላሂ ጥሩ ጨምሯል ብዬ ደስ አለኝ።"

አውቃለሁ፣ ሪፖርት እንዳይጎድልባት ቁጥር ፈጥራ ሞልታ ነው ትይኛለሽ። የሌላ ልጅ ኪሎ በስህተት የቤዚ መስመር ላይ ገብቶ ነው ትይኛለሽ። ካሣዬም እንዲያ ነው ያለው፤ አለና አስረሳሽን ይዞ ከግቢው ወጣ። ሊሆን ይችላል። አስረሳሽ ግን እንኳን ያኔ ዛሬም 7.9 አልገባችም። ይህን አንቺም መቁጠር ትችያለሽ።

ሰዕዲያ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ "ልሰርዘው?" አለችኝ። እጇን ያዝኩት። የድሮውን ካርድ ከጉያዬ አውጥቼ ዘረጋሁላትና በአሥራ አምስተኛው ወር፣ ባዶው ላይ፣ ነጥቡን አድርጊው አልኳት። ቀስ ብላ መስመሩን ተከትላ አደረገችው። አረንጓዴ ላይ አረፈ።

ልጄ ከስድስት ወሯ ወዲህ አረንጓዴ ነክታ አታውቅም ነበር። እፈራለሁ ብዬ ነበር፤ አልፈራሁም። ከግቢው ውጭ ካሣዬ አስረሳሽን አቅፎ ይጠብቀኛል፤ እኔ ከሚዛኑ ሥር ቆሜ ካርዱን እያየሁ፣ ጎረቤቴ ሁሉ እየሰማኝ፣ "ጨመረች፤ ልጄ ጨመረች" እላለሁ።

የቤዛዊትና የአስረሳሽ እናት
የሺሀረግ